ሦስት ለሁለት ላይ የቆመ ጨዋታ

ጋምቤላ ውስጥ ጌም እየተጫወተ ያደገ ሰው ከሁሉ በፊት የሚማረው ጎል ማግባት ሳይሆን መብራት መጠበቅ ነው። ሌላ አገር እንዴት እንደሚያደርጉ አላውቅም። እኛ ጋ ግን አንድ ጨዋታ ተጀምሮ መብራት ሳይጠፋ ካለቀ፣ ተሸናፊው ራሱ ሽንፈቱን ረስቶ “ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?” ብሎ ይገረማል። ስለዚህ ወንድሜ ጌም ቤት ውስጥ ሕግ ነበረን። እሱን ቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ነገር አይገባም።

ጨዋታው መሃል ላይ መብራት ከጠፋ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ውጤቱን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ቤቱ ይሰማል። ማሽኑ ምንም አያስታውስም፣ የሚያስታውሰው ሰው ነው። መብራት ሲመጣ ከባዶ ይጀመርና አንዱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ሌላው የነበሩትን ጎሎች እየገፋ ያገባል። ከዚያ ተራው ይዞራል። “ማሟላት” እንለው ነበር። ውጤቱ ከተሟላ በኋላ ሰዓቱ የቆመበት ደቂቃ እስኪደርስ ኳሷን መሃል ሜዳ ላይ እያንከባለልን እንጠብቃለን። “በቃ” ሲባል እውነተኛው ጨዋታ ይቀጥላል። በፋውል ሊተናነቁ የሚደርሱ ጎረምሶች ማሟላት ላይ ሲደርሱ መስጊድ እንደገባ ሰው ጨዋ ይሆኑ ነበር። በውጤት የዋሸ ሰው አላስታውስም።

ሕጉ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረው። መብራት እስኪመጣ ሳይጠብቅ የሄደ ሰው ተሸንፏል። በር ላይ ወጥቶ አየር መውሰድ ይቻላል፣ ከአባቴ ሱቅ ውሃ መግዛት ይቻላል፤ መንገዱን መሻገር ግን አይቻልም። ይህን ያመጣው ሦስት ለባዶ እየተመሩ መብራት ሲጠፋ “እናቴ ትፈልገኛለች” እያሉ የሚሹለከለኩት ናቸው። ወንድሜ ሊዘጋ ሲል መብራቱ ካልመጣ “ቆሟል” ብሎ ያውጃል፤ መብራት እያለ ግን አያውጅም። ያኔ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ሌላ ቀን ሁለቱ ባሉበት ይቀጥላል። የቆመ ጨዋታ ባለቤቶቹ ሳይገናኙ አይፈርስም።

ቤቱ ከአባቴ ሱቅ ጎን የተቀጠለች አንዲት ክፍል ነበረች፣ ወደ ኒውላንድ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ዳር። አያቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥቶ አቦቦ ላይ የወረደ ገበሬ ነው። አባቴ ከማረሻ ይልቅ ሚዛን መርጦ ከተማ ገባ፤ ወንድሜ ደግሞ ከሚዛን ጆይስቲክ መረጠ። አባቴ ነገሩ ሊገባው አልቻለም። ሰው ቁጭ ብሎ እያላበው ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ውሎ በዚያ ላይ ይከፍልሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ከፈሉት።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። የጋምቤላን በጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻ ይበቃዋል። ቬንቲሌተሩ ትኩሱን አየር ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ከማመላለስ በቀር የረባ ሥራ አልነበረውም። ቴሌቪዥኖቹ ስለሚግሉ ወንድሜ በካርቶን ያራግብላቸው ነበር፤ እኛን ግን ያራገበልን የለም። በዚያች ክፍል ውስጥ የማይሰማ ቋንቋ አልነበረም፤ ስድቡ ግን በአማርኛ ነው፣ ሁሉም እንዲገባው።

እኔ ወደዚያ ቤት የገባሁት በጠባቂነት ነው። ወንድሜ ዙህር ሊሰግድ ሲሄድ ዕቃውን የሚያይለት ሰው ይፈልግ ነበር። እናቴ “ሴት ልጅ ከጎረምሳ መሃል” ብላ አንድ ሰሞን ተቃወመች፣ በኋላ ግን ሱቁና ጌም ቤቱ የሚለያዩት በአንዲት በር ስለሆነ ዝም አለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር ቤታችን በአጽናኝ ተሞላ። ሲያጽናኑኝ አልወድም። ጌም ቤት ውስጥ ግን ማንም አላጽናናኝም፤ አራት ለባዶ ነው ያሸነፉኝ። ያን ቀን ምሳ በላሁ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ጠዋት ጠዋት ወንድሜ ቤቱን ሲጠርግ ብቻዬን እለማመድ ነበር። በዓመቱ እኔን የሚያሸንፍ ሰው ከሰፈሩ ጠፋ። ይህን ስል እየተኩራራሁ ነው፣ አልክድም። ሌሎች ሰፈሮች ድረስ ተሰምቶ “ሴቷ የታለች?” እያሉ የሚመጡ ነበሩ፤ ሲመጡ በሳቅ ነው፣ ሲሄዱ በሩን እየወረወሩ።

ከዚያ ረጅሙ መጣ።

ስሙን አልጽፈውም፣ እኛም ስሙን ብዙ አንጠራውም ነበር። በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። አባቱ ጀልባ ነበረው። ክረምት ሲገባ ወደ ማታር ከተማ የሚወስደውን መንገድ ጭቃ ስለሚውጠው ስኳሩም ሳሙናውም ዘይቱም በባሮ ነው የሚወርደው፤ አባቱ ከእኛ ሱቅ ጭምር እየጫነ ይወስድ ነበር። ልጁ የመጀመሪያ ቀን ገብቶ ማንም የማይነካውን ባለቢጫ ማሊያ ቡድን መረጠ። ለምን እንደመረጠው ስጠይቀው በረኛው ረጅም ስለሆነ ነው አለ። አሸነፈኝ።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ጆይስቲክ ብቻ ደህና ነበሩ። ከቀሩት አንዱ ክፉኛ ወደ ግራ ይጎትታል፤ ተጫዋቹን ቀጥ ብለህ ስትነዳው እሱ ወደ አውት ይሄዳል። ያንን የሚይዘው ቀድሞ የተሸነፈ ነው። ረጅሙ ግን ከእኔ ጋር ሲጫወት ሳይባል ያንን ያነሳ ጀመር። ተናደድኩ። አዝኖልኝ መስሎኝ ምራቄን ልተፋበት ምንም አልቀረኝም። “ማዘን አይደለም፣ እጄ ለመደው” አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። ወንዙም እንዲሁ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል አለ። በጀልባ ላይ ያደገ ሰው ቀጥ ያለ ነገር አያምንም ማለቱ ነው።

አማርኛው አራተኛ ቋንቋው ነበር። ጨዋታ ሲከርር ወንድና ሴት ይቀላቀልበትና “አንተ ሌባ” ይለኝ ነበር። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ እዚያ ወንበር ላይ ሴት ልጅ ሳልሆን ተጋጣሚ ብቻ ነበርኩ።

ከእሱ ጋር የተጫወትኳቸውን ጨዋታዎች አብዛኞቹን ረስቻለሁ። የማልረሳው የጠበቅነውን ነው። መብራት ይጠፋል፣ ቬንቲሌተሩ ይቃትትና ይቆማል፣ ሌላው ሰው በር ላይ ወዳለው የኒም ዛፍ ጥላ ይወጣል፤ እኛ በሕጉ ምክንያት ጎን ለጎን ጥቁር ስክሪን ፊት ለፊት እንቀራለን። ስለምን እናወራ ነበር? ስለ ምንም። እኔ ስለ ሱቁ ደንበኞች አወራለሁ፣ በነፃ ከረሜላ ካልመረቁላቸው ስለሚያኮርፉት። እሱ ስለ ወንዙ። ጀልባው ላይ የእሱ ሥራ ፊት መቀመጥ ነበር። ክረምት ላይ ባሮ ከላይ አገር ነቅሎ የሚያመጣው ግንድ ውሃ ውስጥ ተደብቆ ይቆማል፤ ውሃው በላዩ ሲያልፍ ትንሽ ይሸበሸባል፣ ያንን ሽብሽብ ቀድሞ አይቶ እጁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያነሳል። አባቱ ከኋላ ሞተሩን ይዞ የሚያየው ውሃውን ሳይሆን የልጁን እጅ ነው። ትምህርት ከጨረሰ ወዲህ አንዳንዴ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ሌላ ሰው በእሱ ቦታ ይቀመጣል። አባቱ ይህን አይወድለትም ነበር። ንግዱን እንዲይዝለት ይፈልጋል፣ እሱ ግን ከተማ መቅረት ነው የፈለገው።

አንድ ጊዜ ባሮን ተሻግረህ ታውቃለህ ወይ አለኝ፣ በድልድይ አይቆጠርም። አላውቅም፣ ዋናም አልችልም አልኩት። እስከ ማታር ይዤህ እሄዳለሁ አለ። አባቴ ሁለታችንንም ይገድለናል ስለው ረጅም ሰዓት ሳቅን።

ወድጄው ነበር። ይህን ያኔ ለራሴም አልተናገርኩም፤ አሁን ማንን ፈርቼ እደብቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ጀመር። ይህ ለጌመኛ ውርደት ነው። ቬንቲሌተሩ መዞሩን ትቶ ሲቆም ሌላው ሰው “ኤጭ” ሲል፣ እኔ አንገቴን አቀርቅሬ ፈገግ እላለሁ።

ያ ቀን ክረምት ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ጠዋቱ ጭጋግ ነበረ፣ ባሮም ሞልቶ እንደነበር ሱቅ የመጡት ሁሉ ያወሩ ነበር። ረጅሙ ረፋዱ ላይ መጣ። ፌስታል ይዞ ነበር፣ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ልብስ ነው አለ። ለመሸነፍም ልብስ መቀየር ያስፈልጋል እንዴ ብዬ ቀለድኩበት። ፈገግ አለ እንጂ አልመለሰልኝም። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የምጫወተው፣ ቶሎ በል፣ አለኝ።

የሚጎትተውን ጆይስቲክ ያዘ። ባለቢጫውን ቡድን መረጠ። እንደዚያ ቀን ጥሩ ተጫውቼ አላውቅም፣ ግን እሱ የባሰ ጥሩ ነበር። ሦስት ለሁለት እየመራኝ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የእሱ ተከላካይ ኳሷን ነክቷት ወጣች፤ ኮርና አገኘሁ። ተጫዋቼ ጥግ ላይ ቆሞ እጁን አነሳ። እግሩን ወደ ኳሷ ሳያደርስ ስክሪኑ ጠቆረ።

“ሦስት ለሁለት” አልን ሁለታችንም አብረን። “ኮርናው የሷ ነው” ብሎ ጨመረ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ወደ በሩ ሄዶ በወንዙ አቅጣጫ አየ። ተመልሶ መብራቱ የጠፋው የእኛ መስመር ብቻ ይሁን የከተማው ሁሉ ወንድሜን ጠየቀው። የከተማው ነው አለው። ተቀመጠ። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ተነሳ። “ልሂድ እንዴ?” አለ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። እኔም እየሳቅኩ ይሂድ፣ ኮርናው ግን የተረጋገጠ ጎል ስለሆነ ፈርቶ ሸሸ ብዬ ለከተማው አወራለሁ አልኩት። ሳቀና ተቀመጠ።

ያን ቀን ከወትሮው ያነሰ አወራ። እግሩ አላርፍ አለ፣ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ወንበሩ አብሮ ይንገጫገጫል። መብራቱ አልመጣም። ወንድሜ ለአስር ሶላት ሊዘጋ ሲነሳ “ቆሟል” አለ። ረጅሙ ፌስታሉን አንስቶ እየሮጠ ወጣ። ያካፋ ስለነበር ከዝናቡ የሚሮጥ መሰለኝ። መንገዱን ከተሻገረ በኋላ ዞር ብሎ “ነገ” አለኝ።

በነጋታው ሱቁ ገና ሲከፈት ነው የሰማነው። የአባቱ ጀልባ ከኢታንግ ወዲያ ውሃ ውስጥ ከተደበቀ ግንድ ጋር ተጋጭቶ ተገልብጧል። የነበሩት ሰዎች እየዋኙ ወጡ። አባቱ ግን አልወጣም። ዋና የማይችል ሰው ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ እሱ ከባሮ ጋር ያረጀ ሰው ነበር። የጫነው ሳሙና ግማሹ ከእኛ ሱቅ የወጣ ነው። አባቴ ሚዛኑ ላይ እጁን ጭኖ ቆመ፣ ከዚያ ሱቁን ዘጋው።

ከእናቴ ጋር ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘን ለቅሶ ሄድን። ሴቶቹ ከቤቱ አጠገብ፣ ወንዶቹ ማንጎ ዛፍ ሥር ነበሩ። ረጅሙ ከወንዶቹ መሃል ተቀምጦ ጉልበቱ ወደ ላይ ወጥቶ ያጠረ ይመስል ነበር። እናቱ እንግዳ ሲገባ ሁሉ ቀና ትልና ልጇ ያለበትን ፈልጋ ታያለች፣ እሱ እዚያ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ነው እንደገና የምታለቅሰው። ያኔ ያንን አይቼ ምንም አልጠረጠርኩም። ልጁ አየኝ፤ ቶሎ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰው። ሐዘን ነው ብዬ አሰብኩ፣ ሐዘን ደግሞ ማንንም ማየት አያስፈልገውም። ብዙም ሳይቆይ ማታር ያለ አጎታቸው መጥቶ እናቱንም እሱንም ታናናሾቹንም ወሰዳቸው። ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ጠበቅኩ። መጠበቅ ደግሞ የተማርኩት ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተቀየረ። ስልክ መጣና ጌሙ ሁሉ ኪስ ውስጥ ገባ። ልጆቹ አሁንም ኒሙ ሥር ይሰበሰባሉ፣ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ስክሪን ያያል፤ ጎል የገባበት ሰው ከማን ጋር እንደሚጣላ አያውቅም። እኔም እጫወታለሁ፤ ካልተጫወትኩ እጄ ይበላኛል። ኔትወርክ ደህና ሲሆን ፊቱን ከማላውቀው ሰው ጋር እገጥማለሁ። አንድ ነገር ግን አልለመድኩም። ኔትወርኩ ሲቆረጥ ስልኩ ራሱ ለአንዱ አሸናፊነት ሰጥቶ ይዘጋዋል። የሚጠብቅህ የለም። ውጤቱን የሚናገር የለም። መጀመሪያ ሰሞን “ሁለት ለአንድ ነበር!” ብዬ ለግድግዳው የጮህኩበት ቀን አለ፤ እናቴ በሩን ከፍታ አይታኝ ዘጋችው።

ወንድሜ ገበያው ሲቀዘቅዝ ቴሌቪዥኖቹን ሸጦ አቦቦ ሄደ፣ አያቴ ያቀናው መሬት ላይ ማንጎና በቆሎ ይዟል። ከማረሻ ሸሽተን ዞረን ማረሻ ገባን እያለ አባቴ ይስቅበታል። ሱቁ ለእኔ ቀረ። አንዱን ቴሌቪዥን፣ አሮጌውን ማሽንና ሁለት ጆይስቲክ አላስሸጥኩም። ወንድሜ ይህ ቆሻሻ ምን ያደርግልሻል ሲለኝ የቆመ ጨዋታ አለኝ አልኩት። እንደ እብድ አየኝ፣ ግን ሕጉን ያወጣው እሱ ስለሆነ ትቶልኝ ሄደ። ከደህናው ጋር የሚጎትተውን ጆይስቲክ መርጬ አስቀረሁ።

ከማታር የሚመጣ ጀልበኛ ሱቄ በገባ ቁጥር እጠይቅ ነበር። ረጅም ልጅ፣ አባቱ ባሮ ላይ የቀረበት፣ እያልኩ። አለ ይሉኛል። ደህና ነው። አጎቱ ጋ ይነግዳል። አገባ አለኝ አንዱ፤ ሌላው አላገባም አለኝ። ለሁሉም አንድ መልእክት እሰጣለሁ፤ ጨዋታው ቆሟል በሉት፣ ኮርናው የኔ ነው። እየሳቁ እሺ ይላሉ። ማድረሳቸውን አላውቅም ነበር። መልስ መጥቶልኝ አያውቅም። እናቴ ስለ ትዳር ስታነሳብኝ ነገር እያዞርኩ አልፋት ነበር፤ ስለ አንድ ኮርና ብዬ እንደሆነ ብነግራት ወደ ሼህ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሐኪም ትወስደኝ ነበር።

ከዚያ ባለፈው በጋ እሱ ራሱ መጣ።

ከሰዓት በፊት ነበር። ዘይት ስቀዳ በሩ ጨለመ፤ ቀና ስል ጎንበስ ብሎ እየገባ ነው። ወፍሯል። ሸሚዙ የነጋዴ ሸሚዝ ነው። ሰላም ካለኝ በኋላ ስለ አባቴ ጤና፣ ስለ ወንድሜ ጠየቀኝ፣ ሁለት ካርቶን ሳሙናም እፈልጋለሁ አለ። አማርኛው ጠርቷል፤ ንግድ አጥርቶታል። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና የወጣኝ ያው ነው። “ሦስት ለሁለት” አልኩት።

የሳሙናውን ነገር ተወና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ “ኮርናው የአንቺ ነው” አለ።

ደርሶታል ማለት ነው መልእክቱ። ወይም አልረሳም። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ሁለቱም ደስ አሉኝ። የጎን በሯን ከፈትኩለት። ክፍሏ አሁን የሳሙናና የፓስታ መጋዘን ናት፤ ከካርቶኖቹ መሃል ቴሌቪዥኑ አለ። አቧራውን በነጠላዬ ጠረግኩ። መብራት ነበረ። ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እጁን ዘረጋና ሳያይ የሚጎትተውን አነሳ። ያኔ ልቤ “ተመልሶ መጣ” አለ። እንዲህ ዓይነት ደስታ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚሰማው፣ እኔ ደግሞ ሳልጠግበው ነው የሄደው።

ማሟላት ጀመርን። መጀመሪያ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፣ እሱ ባለቢጫዎቹን እየነዳ ሦስቱን አገባ። በየጎሉ የእኔን ፊት ያያል፣ ልክ ነው አይደል እንደሚል። ከዚያ እሱ እጁን አጣጠፈ፣ እኔ ሁለቱን አገባሁ። መሃል ሜዳ ላይ ሰዓቱን ጠበቅን። ደቂቃው ሲደርስ ኳሷን ሆን ብሎ ከራሱ መስመር ጀርባ አወጣት፤ ኮርናዬን መለሰልኝ። ተጫዋቼ ጥግ ላይ ቆሞ እጁን አነሳ። “በቃ” እስኪል ጠበቅኩት።

አላለም። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

“ያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወንዙ ጋ ና ብሎኝ ነበር አባቴ” አለ። “ፊት የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።”

ስክሪኑን እያየ ነው የሚያወራው። አንድ ጨዋታ ተጫውቼ እደርሳለሁ ብሎ ነበር የመጣው። መብራቱ ሲጠፋ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ሲል ሰዓቱ አለፈ። አባቱ ትንሽ ጠብቆት ውሃው እየጨመረ ስለሆነ ሄደ፤ በእሱ ቦታ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ወንድሜ “ቆሟል” ሲል እየሮጠ የሄደው ወደ ወንዙ ነው። ሲደርስ የጀልባዋ ማሰሪያ እንጨት ብቻ ነበር።

ፌስታሉ ትዝ አለኝ። ለመሸነፍም ልብስ መቀየር ያስፈልጋል እንዴ ያልኩት ትዝ አለኝ። ሸሸ ብዬ አወራለሁ ያልኩትም። “አላወቅኩም” አልኩት። 

“አውቃለሁ። ብነግርሽ ተነስ ትዪኝ ነበር። አልነገርኩሽም፣ ማሸነፍ ፈለግኩ። ያኔ ሦስት ለሁለት እየመራሁ ነበር” አለና ትንሽ ሳቀ። ያንን ሳቅ ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

እናቱ እንደምትመርቀኝ ነገረኝ። እስከ ዛሬ ትመርቀኛለች። ያቺ የነጋዴው ልጅና ያ መብራት አንድ ልጅ አስቀሩልኝ፣ እሱም ጀልባው ላይ ቢሆን ሁለቱንም አጥቼ ነበር እያለች። ጋምቤላ ስትሄድ ሰላም በልልኝ፣ ጉንጯን ሳምልኝ ትለዋለች። የኔ መልእክትም በየጊዜው ይደርሰው ነበር። “እሷ አንቺን ስትመርቅ እኔ ከቤት እወጣለሁ” አለ። “እሷ ልጄ ቀረልኝ ትላለች። እኔ እዚያ ብቀመጥ ግንዱን አየው ነበር። ጥፋትሽ የለም። ግን አንቺን ሳይ የማየው ያንን ነው። መንገር ስላለብኝ መጣሁ፣ እንዳትጠብቂ።”

 ልንካው ፈለግኩ፣ ትከሻውን እንኳ። አልነካሁትም። ስነሳ ይነሳል ብዬ ፈርቼ እዚያው ተቀመጥኩ። እንደዚያም ሆኖ ተነሳ። የሚጎትተውን ጆይስቲክ በቀስታ በግራ በኩል ከደህናው አጠገብ አስቀመጠው፣ ሁልጊዜ እንደሚያስቀምጠው።

“ተነሳሁ እንግዲህ” አለ። ሕጉን ያውቃል። ትቶ የሄደ ተሸንፏል።

የቤቱ ባለቤት አሁን እኔ ነኝ፤ ማወጅ የሚችል ሰው ካለ እኔ ነኝ። “ቆሟል ልበል?” አልኩት። 

ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ አምፖሉ። “መብራት እኮ አለ” አለኝ።

ሁለቱን ካርቶን ሳሙና ተሸክሞ፣ በሩ ጋ ጎንበስ ብሎ ወጣ። መንገዱን ሲሻገር አየሁት፤ አልዞረም። አሸነፍኩ ማለት ነው። በሕይወቴ ያሸነፍኩትን ሁሉ ደምሬ ለዚያች አንዲት ጨዋታ መቆም በሰጠሁ ብዬ ካርቶኖቹ መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደንበኛ ከሱቁ በኩል ሰው የለም ወይ እያለ ይጣራል።

ምንም ቁልፍ አልነካሁም። ተጫዋቼ ጥግ ላይ እጁን አንስቶ ቆሟል፣ ባለቢጫዎቹ ጎላቸው ፊት ተሰብስበው ይጠብቃሉ። በራሴ እጅ ላጠፋው አልቻልኩም። መብራቱ ይጥፋና ይገላግለኝ ብዬ ጠበቅኩ። ያን ቀን ግን እስኪመሽ አልጠፋም።